ሽመልና ቀርከሃ በጓሮ፦ ከመትከል እስከ መቁረጥ

ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ ወይም እንደ ዋንዛ ዓመት በጨመረ ቁጥር አይወፍርም። ከመሬት ብቅ ሲል የያዘው ውፍረት የዕድሜ ልክ ውፍረቱ ነው። ከዚያ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ተመዞ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ቀሪ ዘመኑን የሚያሳልፈው እንጨቱን በማጠንከርና ምድር ውስጥ ላለው ግንዱ ምግብ በመላክ ነው። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የሚወጣው ቡቃያ ስንት ጣት እንደሚወፍር የሚወሰነው አምናና ካቻምና በወጡት ላይ ባለው ቅጠል፣ ሥሩ ባገኘው ፍግና ውኃ ነው። ይህን የያዘ ሰው መቼ ማዳበር፣ የትኛውን መቁረጥና የትኛውን መተው እንዳለበት ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

ከአንድ ሥር ተነስቶ አንድ ላይ የቆመውን ሁሉ ከዚህ በታች «አንድ እግር» እንለዋለን፤ ቡናና ጌሾ እንደሚቆጠረው።

የትኛው ለየትኛው ጓሮ

አገራችን የራሷ የሆኑ ሁለት ዓይነቶች አሏት። አንደኛው የቆላው ሽመል ነው። አሶሳና መተከል በብዛት የሚበቅለው፣ ውስጡ የተደፈነ ወይም ለመደፈን ጥቂት የቀረው፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ነው። ሰው በእጁ የሚይዘው ዱላም በዚሁ ስም ይጠራል። ከ1,800 ሜትር ከፍታ በታች ይስማማዋል፤ ድርቅ ይችላል፤ ድንጋያማ መሬት ላይም ይቆማል። ሁለተኛው የደጋው ቀርከሃ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ረጅምና ለስላሳ፣ ለአጥር፣ ለቅርጫትና ለቤት ዕቃ የሚፈለገው። እንጅባራ፣ ጮቄ ተራራ፣ የሲዳማው ሀገረ ሰላምና ማሻ የሚታወቁበት እሱ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ ያለውን ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ታቦር ላይ ሽመል ለመትከል አትድከሙ፤ ድሬዳዋ ላይም የደጋውን።

ከውጭ ከገቡት መካከል በየግቢው የሚታየው ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ መስመር ያለበት ጌጠኛው ቀርከሃ ነው። ሞቅ ያለ ቦታና በቂ ውኃ ካገኘ ይፋፋል፤ ከተቆረጠ ግንድም በቀላሉ ይባዛል።

አበቃቀላቸው ላይ ያለው ልዩነት ለጓሮ ባለቤት ከሁሉ ይበልጣል። የሽመልና የቢጫው ቀርከሃ የምድር ውስጥ ግንድ አጭርና ወፍራም ስለሆነ አዲሱ ከእናቱ ጎን ተጠግቶ ይወጣል። እግሩ በየዓመቱ ዙሪያውን በጥቂቱ ይሰፋል እንጂ ተንፏቆ የጎረቤት ግቢ አይገባም። የደጋው ቀርከሃ ግን እናትና ልጅን የሚያገናኘው አንገት ይረዝማል። አዲሱ ከእናቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊወጣ ስለሚችል እግሩ ዘርዘር ያለ ነው፤ ካልተገታም ይዛመታል። ጠባብ ግቢ ያለው ደገኛ ይህን አስቀድሞ አስቦ ቦታ መምረጥ አለበት።

ቦታና ጉድጓድ

ፀሐይ ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚያገኝ፣ ነፋስ የሚከለልበት ቦታ ምረጡ። ቀይ አፈርና ብስባሽ የበዛበት ጥቁር ቡናማ አፈር ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ውኃ የሚያቁር መረሬ ግን ሥሩን ያፍነዋል፤ ሌላ ቦታ ከሌለ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ እላዩ ላይ ትከሉ፣ ዙሪያውንም የውኃ ማፋሰሻ ቦይ አውጡ።

ከቤት ግድግዳና ከግቢ አጥር ሽመልን 2 ሜትር፣ የደጋውን 3 ሜትር አርቁ። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውኃ ቧንቧም እንዲሁ 3 ሜትር። የምድር ውስጥ ግንዱ እየተጠጋጋ ሲወፍር ደካማ የግንብ አጥር ሊገፋ ይችላል። ለየብቻው ለሚቆም እግር በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ ለመከለያ አጥር በረድፍ ከሆነ 1.5 ሜትር ይበቃል። በረድፍ ሲሆን ቶሎ ይገጥማል፤ ዋጋው ግን በየዓመቱ ሳይታለፍ ማሳሳት ነው።

ጉድጓዱን ከመትከያው ሦስትና አራት ሳምንት ቀድማችሁ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቆፍሩት፦ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጡ። ከላዩ አፈር ጋር 20 ሊትር ባልዲ ሙሉ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ደባልቁ። ትኩስ እበት አትጠቀሙ፤ ሲብላላ ሙቀቱ አዲሱን ሥር ያቃጥላል።

ከእናት እግር ነጥሎ መትከል

በጓሮ ደረጃ ከሁሉ አስተማማኙ መንገድ ሥር የያዘ አንድ ግንድ ከእናቱ ነጥሎ መትከል ነው። የደጋውን ቀርከሃ በተለይ ግንዱን ብቻ ቆርጦ መሬት መሰካት አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፤ ቅርንጫፉ ጥቂት ሳምንት አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ሥር ሳያወጣ ይደርቃል። ጊዜው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላና አዲሱ ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት ነው። ሐምሌ ላይ መንቀል እናትንም ልጅንም ይጎዳል።

መጀመሪያ የሚነቀለውን በጥንቃቄ ምረጡ። አምና ክረምት የወጣ፣ ማለትም አንድ ዓመት የሞላው ይሁን፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት። ከዚያ ያለፈው ምድር ውስጥ ያሉት ዓይኖቹ ወይ በቅለው አልቀዋል ወይ ደርቀዋል፤ ተተክሎ ዓመት ሙሉ ሳይሞት ሳይበቅል የሚቆመው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ከእግሩ ዳር ያለ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሻላል። በጣም ወፍራሙ ለመንቀል ይከብዳል፤ ቀጭኑ ስንቁ ትንሽ ነው።

ግንዱን ከመሬት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ላይ ከአንጓ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በመጋዝ ቁረጡ። ሦስት ወይም አራት አንጓ ከነቅርንጫፉና ከጥቂት ቅጠሉ ጋር ይቅርለት። ግንዱ ባዶ ከሆነ የተቆረጠውን አፍ በጭቃ ድፈኑት፤ ውኃ ገብቶ እንዳያበሰብሰው። ከዚያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሩና ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን አንገት አፈሩን ጠርጋችሁ አግኙት። በስለታም መጥረቢያ አንገቱ ላይ አንዴ መትታችሁ ለዩት። እየነቀነቁና እየጠመዘዙ መገንጠል ትልቁ ስሕተት ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ የተደረደሩት ዓይኖች ይሰበራሉ፣ የእናቱም አንገት ይሰነጠቃል። ስታወጡት ዓይኖቹን ተመልከቱ፤ ነጣ ወይም ቢጫ ያሉ ጠንካሮች ከሆኑ ሕያው ናቸው። ጠቁረው ከለሰለሱ ሌላ ፈልጉ። ቢያንስ ሁለት ጤነኛ ዓይን ያስፈልጋል።

የወጣውን ወዲያው እርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት። በዚያው ቀን መትከል ከሁሉ ይሻላል፤ መንገድ ካለባችሁ ጆንያውን እያራሳችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ሥሩ ግማሽ ቀን ፀሐይ ከመታው ግን ተስፋ የለውም።

ሲተከል ቀድሞ ከነበረበት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይግባ። ፍግ የተቀላቀለውን አፈር እየመለሳችሁ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉ፤ ሥሩ ዙሪያ ክፍት ቦታ ከቀረ ይደርቃል። 20 ሊትር ውኃ አጠጡ። ጭድ፣ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር አርቁት፣ በተለይ ምስጥ ባለበት ቆላ።

ቢጫውን ቀርከሃ ለማባዛት ይህን ሁሉ መቆፈር አያስፈልግም። ሁለት ዓመት ከሞላው ግንድ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ወስዳችሁ፣ አንጓው ላይ ያለውን ዓይን ወይም ቅርንጫፍ ሳትጎዱ፣ እርጥብ መደብ ውስጥ አጋድማችሁ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር አልብሱት። መደቡ ጥላ ይኑረው፤ አፈሩ እንዳይደርቅም ተከታተሉ። ችግኙ ሥር ይዞ አዲስ ቡቃያ ሲሰጥ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል።

ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛው ከዘር የፈላ ችግኝ ከሆነ መጀመሪያ ሣር የሚመስሉ ቀጫጭን ቡቃያዎችን ነው የሚሰጠው። ሙሉ ውፍረቱ ላይ ለመድረስ ከእናት ከተነጠለው ዓመታት ይዘገያል። ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወደ ኋላ ስለ አበባ ስናነሳ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት

በመጀመሪያው ክረምት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ቡቃያ ቢወጣ መልካም ነው። ምንም ሳይወጣ ቢቀርና የተከላችሁት ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ አትንቀሉት፤ ሥር እየሠራ ነው። ቀጫጭኖቹን «የማይረቡ» ብሎ መቁረጥ የሚቀጥለውን ዓመት ቡቃያ ከነስንቁ መቁረጥ ነው። እስከ ሦስት ዓመት ከደረቀ በስተቀር ምንም አይቆረጥ።

በጋው ከባድ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አሸዋማ አፈር ላይ በሳምንት ሁለቴ፣ ውኃ የሚይዝ አፈር ላይ በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ለእያንዳንዱ እግር ስጡ። ከሁለተኛው በጋ በኋላ ሽመል ራሱን ይችላል፤ የደጋውና ቢጫው በወር ሁለት ሦስቴ ቢረዱ ይወዳሉ። ውኃ ማነሱን ቅጠሉ ራሱ ይናገራል፤ በቀትር እንደ ሲጋራ ይጠቀለላል። ማታ ከተዘረጋ ደኅና ነው። ጠዋትም እንደተጠቀለለ ካገኛችሁት ጠጥቶ አልረካም።

ዙሪያውን አንድ ሜትር ከአረም ነፃ አድርጉ፣ ግን በእጅ ወይም በማጭድ። ሥሩ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ በዶማ መቆፈር ይቆራርጠዋል።

ማዳበሪያው ዋናው ፍግ ነው፤ ጊዜው ግንቦት፣ ቡቃያው ከመነሳቱ በፊት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለእግሩ ሁለት ባልዲ፣ እግሩ ከሰፋ ሦስትና አራት ባልዲ ዙሪያውን በትኑና አፈር አልብሱት። ፍግ ካነሰ 100 ግራም ዩሪያ ሰኔ መጨረሻ፣ ሌላ 100 ግራም ሐምሌ መጨረሻ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ከግንዱ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ ጨምሩ። ከነሐሴ በኋላ ዩሪያ አትስጡ፤ ለስላሳ ቅጠል አውጥቶ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ከሥሩ የሚረግፈውን ቅጠል ደግሞ ጠርጋችሁ አታቃጥሉ። ግንዱን የሚያጠነክረው ሲሊካ የሚመለሰው በዚያ ቅጠል ነው፤ ለግቢ ንጽሕና ተብሎ በየሳምንቱ የሚጠረግ ቀርከሃ ዓመት በዓመት እየሳሳ ይሄዳል።

የቡቃያ ወራት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እግሩ ውስጥ አትግቡ፣ ከብትም አይድረስበት። ጫፉ የተሰበረ ወይም የተበላ ቡቃያ ከዚያ በኋላ አያድግም፤ እንደ ሌላ ዛፍ ጎኑን አውጥቶ አይተካም። ቡቃያውን የሸፈነው ልባስ ላይ ያለው ጥቃቅን ፀጉር ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንትና እጅጌ ያለው ልብስ ይኑራችሁ፣ ዓይናችሁንም አትሹ።

ከወጡት ውስጥ አንዳንዶቹ ጉልበት ሳይደርሱ ይደርቃሉ። ይህ በሽታ አይደለም፤ እግሩ ካለው ስንቅ በላይ ጀምሮ የማይችለውን ሲተው ነው። ቁጥራቸው ከወትሮው ከበዛ ግን ያለፈው በጋ ጠንቶበታል ወይም ብዙ ወጣት ግንድ ተቆርጦበታል ማለት ነው።

ቡቃያው ይበላል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሽመል ቡቃያ የታወቀ ምግብ ነው። ጥሬውን ግን ፈጽሞ አትቅመሱ፤ ሲያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል። ልጣችሁ፣ በስሱ ከትፋችሁ፣ ውኃውን አንዴ ለውጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉና የተቀቀለበትን ድፉት። አንድ ቡቃያ መብላት አንድ ግንድ መብላት እንደሆነም አትርሱ።

ዕድሜውን መለየት፣ መቁረጥ

ብዙ የጓሮ ቀርከሃ የሚበላሸው በአቆራረጥ ነው። ዳር ያለው ለእጅ ስለሚመች ይቆረጣል፤ መሃል የተቀረቀረው ሽማግሌ ይተዋል። ዳር ያለው ግን ወጣቱ ነው፤ የሚወልደውም እሱ ነው። ጥቂት ዓመት እንዲህ ከተደረገ እግሩ ውስጡ የደረቀ፣ ዳሩ ጣት የማይሞላ ቀጭን እንጨት ይሆናል።

ዕድሜውን እንዲህ ትለያላችሁ። አንድ ዓመት ያልሞላው ብሩህ አረንጓዴ ነው፣ ከአንጓው በታች ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አለበት፣ ታችኛው አንጓ ላይ ልባሱ እንደተጣበቀ ነው፣ ቅርንጫፉም ገና ነው። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ልባሱ ረግፎ፣ ቅርንጫፉ ተሟልቶ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ሦስትና ከዚያ በላይ የሆነው ግራጫና ነጭ ነጠብጣብ ሽበት ይለብሳል፤ ቢጫ ይላል፤ በገጀራ ጀርባ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ሁሉ መምታታቱ ስለማይቀር በየዓመቱ መስከረም ላይ የወጡትን በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ለአንዱ ዓመት ቀይ፣ ለሌላው ነጭ፣ ለሦስተኛው ሰማያዊ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ማንም ሠራተኛ ሳይሳሳት ይቆርጥላችኋል።

የሚቆረጠው ሦስት ዓመት የሞላውና ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። የአንድና የሁለት ዓመቱ በሙሉ ይቀራል፤ ከሦስት ዓመቱም ጥቂት ለድጋፍ ተዉ። በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትውሰዱ፤ የቀሩት ነፋስ ያጋድማቸዋል። ወሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ያኔ የክረምቱ ቡቃያ ጠንክሯል፣ ግንዱ ውስጥ የነበረውን ስኳርና ስታርችም በልቶታል፤ ነቀዝ የሚወደው እሱን ስለሆነ በዚህ ወቅት የተቆረጠ ይበረክታል።

ከመሬት ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ከፍታ፣ ከአንጓው ልክ በላይ በመጋዝ ቁረጡ። ከአንጓው ርቆ የተቆረጠ ጉቶ እንደ ዋንጫ ውኃ ይዞ ይበሰብሳል፣ ትንኝም ይራባበታል። እግሩ ከጠበበ በአንድ በኩል መግቢያ ከፍታችሁ ከመሃል ያረጁትን አውጡ፤ ከላይ ሲታይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ እንዲይዝ። የታችኛውን ሲሶ ቅርንጫፍ መመልመል አየር ያስገባል፣ ለሥራም ይመቻል።

ለዓመታት የተተወ እግር ካላችሁ ሁሉንም በአንድ ዓመት አታስተካክሉ። በመጀመሪያው ኅዳር የደረቀውንና የተሰበረውን ብቻ፣ በሁለተኛው ያረጀውን ከመሃል አውጡ፤ የሞቱ ጉቶዎችን በመጥረቢያ ነቅላችሁ በቦታው ፍግና አፈር ሙሉ። የምድር ውስጥ ግንዱ ከትውልድ ትውልድ ወደ ላይ ከፍ እያለ ስለሚመጣ በየሁለት ዓመቱ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር አልብሱት። ዓይኑ ፀሐይ ላይ ከዋለ አይበቅልም።

የደጋውን ለመገደብ በምትፈልጉት ድንበር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍራችሁ ክፍቱን ተዉት። በየጥቅምቱ ቦዩን የሚሻገር አንገት ካያችሁ ቁረጡ። 

ሲታመም፣ ሲበላ፣ ሲያብብ

በበጋ የቅጠል ቢጫ መሆንና መርገፍ አያስደንግጥ፤ አዲሱ ቅጠል ከሥር እየተተካ ከሆነ የተለመደ ነው። ክረምት ላይ ቢጫ ከሆነ ግን ወይ ውኃ ቆሞበታል ወይ ናይትሮጅን አንሶታል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፈሩን አሽትቱ፣ የጭቃ ሽታ ካለው ቦይ አውጡ። በደጋ ፍልፈል ሥሩን ከታች ይበላል፤ ጤነኛ የመሰለ ግንድ በድንገት ካጋደለ ዙሪያው ላይ የአፈር ቁልል ፈልጉ። ጃርትና ዝንጀሮ የሚወዱት ለጋውን ቡቃያ ነው፤ ቡቃያው አንድ ሜትር ተኩል እስኪያልፍ እግሩን በእሾህ ማጠር ዋጋ አለው።

አበባው የተለየ ነገር ነው። በወቅቱ አዲስ ቅጠል አለመውጣቱና በየአንጓው የእህል ራስ የሚመስል ነገር መታየቱ ምልክቱ ነው። ሽመል ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድነት ያብብና ዘሩን ሰጥቶ ይሞታል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰፊ የሽመል ደን እንዲህ አብቦ ደርቋል። ፍግም ውኃም አያድነውም። ከእናት የተነጠለ ተክል የእናቱን ዕድሜ ይዞ ስለሚሄድ፣ ትናንት የተከላችሁት ትንሽ እግር ከእናቱ ጋር ሊያብብ ይችላል። ያበበ እግር ካለበት አካባቢ ነጥላችሁ አትትከሉ። ከዘር የፈላው ግን ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል፤ ከላይ ያነሳነው ጥቅም ይህ ነው። ዘሩ ሲደርስ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሰብስቡና የመብቀል አቅሙን ቶሎ ስለሚያጣ ሳይቆይ መደብ ላይ ዝሩት፤ ከአይጥም ጠብቁት።

የተቆረጠው እንጨት የመጨረሻ ጠላቱ ነቀዝ ነው፤ ከትንንሽ ቀዳዳ የሚዘንብ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ገብቷል። ቆርጣችሁ ከነቅርንጫፉና ከነቅጠሉ ድንጋይ ላይ አቁማችሁ ለሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ቅጠሉ የቀረውን ስኳር ይጨርሰዋል። ከዚያ መልምላችሁ ሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ አስተኙት። የቆመ ውኃ ከሆነ በየሳምንቱ ለውጡት፤ ሽታው የሚከፋው ስታርቹ እየወጣ ስለሆነ ነው። አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ፣ መሬት ሳይነካ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይድረቅ። በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሰጣ፣ በተለይ ባዶው የደጋ ቀርከሃ፣ ከአንጓ እስከ አንጓ ይሰነጠቃል።